ከፓርቲው የራቀ መራጭ ድምፁ የት ይገባል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአራብሳም ሆነ በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በገላን ጉራ፣ ሰው ከኖረበት ፓርቲ ልቡ መራቁ መጀመሪያ የሚታየው በኮሮጆ ሳይሆን በስብሰባ ነው። ለእሁድ 3 ሰዓት የተጠራ ስብሰባ 4 ሰዓት ተኩል ላይም ሰው እየተጠበቀ ነው። በር እያንኳኳ የሚጠራው ወጣት «እማማ፣ ይመጣሉ አይደል? ስለ ውሃው ነው» ይላል፤ «መጣሁ ልጄ፣ ቀድመህ ሂድ» ይባላል። እንደማይመጡ እሱም እሳቸውም ያውቃሉ። ከመጡትም መካከል የስም መቆጣጠሪያው ላይ ፈርሞ በኋላ በር የሚወጣ አለ። ማታ ሪፖርት ሲጻፍ የሚቆጠረው ፊርማው ነው፤ ከላይ ያለው አካል ሙሉ አዳራሽ ያያል፣ ከታች ያለው ባዶ ወንበር። ኩርፊያ ለዓመታት የሚደበቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ጥያቄው ይህ ኩርፊያ ወደ ምርጫ ሲደርስ ምን ይሆናል የሚለው ነው። መልሱ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይቀራል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በአንድ ቀን ሁሉንም ይገለብጣል። ሁለቱም የሚሆኑበት ምክንያት አለ። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ግን ኩርፊያው የማን እንደሆነ እንለይ። የረጅም ጊዜ መራጭን ሁሉ «ደጋፊ» ብሎ በአንድ ቃል መጥራት ያሳስታል። አንዱ አምኖ የመረጠ ነው። ሌላው ውለታ ያለበት ነው፤ የሥራ ቦታ፣ ሼድ፣ ብድር ወይም ቤት ያገኘ፣ አለዚያም አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ። ሦስተኛው ጎመን በጤና ያለ ነው፤ አይጠላም፣ አይወድም፣ ከዝርዝር ውጭ መሆንን ግን ይፈራል። የሦስቱም ድምፅ በቆጠራ ላይ አንድ ነው፤ የሚርቁበት ምክንያትና ፍጥነት ግን አይገናኝም።

ሦስቱን አንድ ላይ ያሰለፋቸው 1997 ነው ማለት ይቻላል። ያኔ ገዥ የነበረው ኢሕአዴግ በግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ ከአዲስ አበባ 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አንዱንም አላገኘም፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ያገኘው 1 ብቻ ነው። ከዚያ ሽንፈት የወሰደው ትምህርት አባል መመልመል ነበር። በ1997 ወደ 760 ሺህ ገደማ የነበረው የአባላቱ ቁጥር በ2000 ከ4 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአምስት እጥፍ በላይ የሚያድግ እምነት የለም፤ ያደገው ውለታና ጥንቃቄ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት፣ የሥራ ዕድል፣ የስልጠና ጥሪ፣ በኋላም አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በሙሉ በወረዳው በር የሚገቡና የሚወጡ ሆኑ። መታወቂያ የሚሰጠውና ለአባልነት የሚመለምለው ሰው በአንድ ኮሪደር ሲቀመጥ፣ ባለጉዳዩ በየትኛው ጠረጴዛ ፊት እንደቆመ ለመለየት ይቸግረዋል።

እንዲህ የመጣ አባል የሚሄደውም በመጣበት መንገድ ነው። አማኙን የሚያርቀው የፓርቲው መለወጥ ነው። ከሕወሓት፣ ከብአዴን፣ ከኦሕዴድና ከደኢሕዴን የተሠራው ግንባር፣ ኢሕአዴግ፣ በ2012 ኅዳር ላይ ሲፈርስና ሕወሓት ሳይገባበት ብልጽግና ሲተካው፣ ሃያ ዓመት አንድ መስመር ሲያጠና የነበረ አባል የተማረው ሁሉ በአንድ ሳምንት ስህተት ነበር ተባለ። በ2013 ሰኔ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄዱ፣ ፊደል የማይለዩ አረጋውያን በወረቀቱ ላይ የለመዱትን ንብ አላገኙም፤ ቦታውን የያዘው አምፖል ነበር።

ውለታ ያለበት የሚርቀው ደግሞ ውለታው ሲዘገይ ነው። በ2005 ለ20/80 ወይም ለ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግቦ በየወሩ ሲቆጥብ የኖረ ሰው ተስፋው ዕጣ ነው። በ2014 ሐምሌ የወጣው ዕጣ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ ሲሰረዝ፣ የተሰረዘው የ25 ሺህ ቤት ዝርዝር ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ቆጣቢ ከፓርቲው ጋር ያቆየውም ይኸው ዕጣ ነበር። ከከተማዋ ወሰን ማዶ ነገሩ ቤት ከመጠበቅ ወደ ቤት ማጣት ይዞራል። በ2015 በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በአካባቢያቸው ብዙ ቤት ሕገወጥ ተብሎ ፈርሷል። የጨረቃ ቤት ነው ቢባልም መብራትና ውሃ ገብቶለት ግብር ሲከፈልበት የኖረ ሊሆን ይችላል። ጎመን በጤና ያለው ግን የትም አይሄድም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል፣ ሲጠሩት ይፈርማል።

አሁን ወደ ስሌቱ። የኢትዮጵያ ምርጫ በአብላጫ ድምፅ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ እንዳለው በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘ መቀመጫውን ይወስዳል። ግማሽ አያስፈልገውም፤ ከሁለተኛው በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃዋል። ስንት ሰው ወጥቶ መረጠ የሚለው አሸናፊውን አይለውጥም።

በአንድ የምርጫ ክልል 30,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። ነባሩ ፓርቲ 17,000 አገኘ፤ ሦስት ተቃዋሚዎች 6,000፣ 4,000 እና 3,000 ተካፈሉ። በቀጣዩ ምርጫ ከነባሩ ደጋፊዎች 7,000ዎቹ አኮረፉ። ኩርፊያ በዚህ አገር እንዴት እንደሚሄድ ለሚያውቅ ሰው 5,000ው ቤቱ ቢቀርና 2,000ው ወደ ሦስቱ ቢበተን አይገርመውም። ውጤቱ 10,000 ለነባሩ፣ ለሌሎቹ 7,000፣ 4,600 እና 3,400 ይሆናል። ነባሩ ፓርቲ ከ57 በመቶ ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ ድምፅ ከሰጠው ስልሳ በመቶ አልፈልግም አለው። መቀመጫው ግን ያው የእሱ ነው፣ በ3,000 ድምፅ ልዩነት። በ23ቱም የምርጫ ክልል እንዲሁ ቢሆን 23ቱንም ይወስዳል፤ በማግስቱም «ሕዝቡ ሙሉ ድጋፉን ሰጠን» ቢባል ቁጥሩን ለማያነብ ሰው ውሸት አይመስልም።

ይኸው ስሌት በሌላ ቀን ይገለበጣል። ሦስቱ ተቃዋሚዎች አንድ ዕጩ ቢያቀርቡ 15,000 ለ10,000 ነው፤ ነባሩ ፓርቲ 40 በመቶ ይዞ ባዶ እጁን ይወጣል። በ1997 የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ያደረገው በአጭሩ ይህንን ነው፤ መኢአድ፣ ኢዴፓ መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ በአንድ ምልክት ቀረቡ። በዚያ ዓመት ኢሕአዴግን የመረጠ አዲስ አበቤ ያልነበረ ይመስል 23 ለ0 ሆነ። በ2002 ደግሞ 22 ለ1 ሆኖ ወደ ኢሕአዴግ ተመለሰ። በመካከሉ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ ፓርቲው ተሰነጠቀ፣ ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች፣ የአባላት ምልመላውም ሥራውን ሠራ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮም ግን የከተማው ሕዝብ ልብ በአምስት ዓመት ከዜሮ ወደ ዘጠና አምስት በመቶ አይዞርም። የምርጫው ሥርዓት ኩርፊያን የሚያሳየው እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ በርቷል ወይም ጠፍቷል። በመካከል ያለውን ሙቀት አይለካም።

መካከሉን የሚለካ ሥርዓት ምን እንደሚመስል ደቡብ አፍሪካን ማየት ነው። እዚያ መቀመጫ በተመጣጣኝ ውክልና ይከፋፈላል። ነባሩ ገዥ ፓርቲ ኤኤንሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ ነበረው፤ በ2019 ወደ 57.5፣ በ2024 ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ ደርሶት ተጣምሮ ለመግዛት ተገደደ። ልብ በሉ፣ ዋናው ተቃዋሚ ዲኤ ከ2019 ወደ 2024 የጨመረው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ከኤኤንሲ የሸሸው ሰው ወደ ባላንጣው አልሄደም፤ አንዳንዱ ከዚያው ከኤኤንሲ ቤት ለወጣ አዲስ ፓርቲ ሰጠ፣ ሌላው ከቤቱ አልወጣም። ነባር መራጭ ሲያዝን መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እዚያ የቀረው ድምፅ በመቀመጫ ብዛት ላይ መታየቱ ነው። የእኛ ምሳሌ ፓርቲም ያው 40 በመቶ ነበር ያገኘው።

ይህን የሚያባብስ ሌላ ነገር አለ፤ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋውም እሱ ነው። የዳርቻው ሰው የሚያኮርፍበት ጉዳይ ዘጠና በመቶው የወረዳ ጉዳይ ነው፤ ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል፣ ካርታ ለምን ይዘገያል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ለምን ተቆፍሮ ቀረ፣ ታክሲው ማታ ለምን አይገባም። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ግን ከ2005 ወዲህ አልተካሄደም። በ2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ወጥተው ኢሕአዴግ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መቀመጫ ወሰደ፤ የ2005ቱም ብዙ ፉክክር አልነበረውም፤ ከዚያ በኋላ የነበረበት ቀጠሮ ተራዘመ። በ2013 የአዲስ አበባ ነዋሪ የመረጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ በወረዳው የተናደደ ሰው ንዴቱን በወረዳው ሰው ላይ የሚያሳርፍበት ወረቀት የለውም። ወይ በከተማና በፌዴራል ደረጃ ሁሉንም መገልበጥ፣ ወይ ዝም ማለት። በአንድ ቧንቧ ምክንያት መንግሥት መቀየር የሚፈልግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዝም ይላል፣ ቧንቧውም እንደዚያው ይቀራል።

የዳርቻው ድምፅ ከዚህ በላይ በሁለት ነገር ይሳሳል። አንዱ የቁጥር ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎች አከላለልም በእሱ ላይ እንዲመሠረት ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ወደ 2.7 ሚሊዮን ነዋሪ ነበራት፣ ቀጣዩ ቆጠራ ተራዝሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መሀል ከተማው እየፈረሰ ሰው ወደ ዳር ወጥቷል፤ ኮንዶሚኒየሞቹ ሞልተዋል፣ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ራሱ አዲስ ተቋቁሟል። መቀመጫው ግን ያው 23 ነው። ሰው በበዛበት የምርጫ ክልል የአንድ ሰው ድምፅ ክብደት ይቀንሳል፤ ሰው በለቀቀው መሀል ከተማ ይጨምራል።

ሁለተኛው መሸኛ ነው። አሰልቺ ይመስላል፣ ብዙ ድምፅ የሚፈሰው ግን እዚህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመመዝገብ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ከካዛንቺስ በልማት ተነሥታ ገላን ጉራ የገባች እናትን እናስብ። የድሮ ወረዳዋ ሄዳ መሸኛ ማውጣት አለባት፤ የድሮ መታወቂያዋን ትመልሳለች፤ መሸኛውን ይዛ አዲሱ ወረዳ ትመዘገባለች፤ መታወቂያው ሲደርስ ትወስዳለች። በተግባር የሚሆነው፣ የድሮ ወረዳዋ ያሉት ሠራተኞች ተቀያይረዋል፣ ፋይሏ የቤት ቁጥሩ ከፈረሰው ሰፈር ጋር ሌላ ክፍል ተቀምጧል፣ ሁለት ትራንስፖርት ይዛ ሄዳ «ነገ ተመለሺ» ትባላለች። የመራጮች ምዝገባ ደግሞ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ተከፍቶ ይዘጋል። ካርድ ያላወጣ ሰው በምርጫው ቀን መታወቂያ ቢያሳይም አይመርጥም። ይህች እናት በሪፖርት ላይ «ያልተመዘገበች» ናት፤ አኮረፈች ወይስ ደከማት የሚለውን የሚጠይቅ የለም።

ተከራይ ከሆነች ደግሞ አከራዩ ግብርን ፈርቶ «በእኔ ቤት አትመዝገቢ» ሊላት ይችላል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በወረዳ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ የውሉን ኮፒ ይዞ መሄድ ነዋሪነትን ለማስረዳት ይረዳል። ከምዝገባ የተከለከለ ሰው በምርጫ ጣቢያው ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ማመልከት፣ ውሳኔውንም በጽሑፍ መቀበል አለበት። በቃል «አይሆንም» የተባለ ሰው ወደ ምርጫ ክልልና ወደ ፍርድ ቤት ይዞ የሚሄደው ነገር የለውም።

የወሰኑም ነገር አለ። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 መጨረሻ በአስተዳደር ወሰን ተስማምተዋል፤ ስለዚህ አጥር የሚጋሩ ሁለት ሰፈሮች የተለያየ ወረቀት ሊሰጣቸው ይችላል። ከወሰኑ ወዲህ ያለው ለከተማው ምክር ቤት ሲመርጥ ማዶ ያለው ለክልሉ ምክር ቤት ለጨፌ ኦሮሚያ ነው። በ2013 ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ በመውጣታቸው በኦሮሚያ በብዙ የምርጫ ክልሎች ብልጽግና ብቻውን ቀርቧል። እዚያ ያኮረፈ ሰው ወደ ማን ይሂድ? አንድ ስም ባለበት ወረቀት ላይ ያለው ምርጫ መሄድና መቅረት ብቻ ነው። («ምርጫ ክልል» ከክልል መንግሥት ጋር አይገናኝም፤ ቃሉ አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው ይምታታበታል።)

እንግዲህ ከፓርቲው የራቀ ሰው ምን ዓይነት መንገድ አለው? ቤት መቅረትን አይተነዋል። ባዶ ወረቀት መክተት ወይም ወረቀቱን ሆን ብሎ ማበላሸት ከመቅረት የሚለየው ዋጋ አልባ ድምፅ ተብሎ በመቆጠሩ ነው፤ መቀመጫውን ግን አይነካም። ሳያስቡ ማበላሸትም አለ፤ ከተፈቀደው ዕጩ በላይ ምልክት ማድረግ ወይም ወረቀቱ ላይ ስም መጻፍ ድምፁን ዋጋ ያሳጣዋል።

ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መንገድ ሁለቱን ወረቀት መለየት ነው። ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ወይም ለክልሉ ምክር ቤት የሚሰጠው ወረቀት ሁለት ነው፤ ሁለቱም ላይ አንድ ምልክት መከተል ግዴታ የለም። ፓርቲውን ሙሉ በሙሉ መተው የከበደው፣ በከተማው አስተዳደር ግን የተማረረ ሰው አንዱን ለነባሩ፣ ሌላውን ለሌላ ወይም ለግል ዕጩ መስጠት ይችላል። ኩርፊያ መጠን ሊኖረው የሚችለው በዚህ ብቻ ነው።

አባል ከሆነና መልቀቅ ከፈለገ ዝም ብሎ መጥፋት አያዋጣም፤ ስሙ በዝርዝሩ ይቆያል፣ መዋጮው ከደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነም ይቀጥላል። ቀን ያለበት ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ጽፎ አንዱን ለመሠረታዊ ድርጅቱ (አባል ለሆነበት የታችኛው የፓርቲ አካል) መስጠት፣ በሌላው ላይ የተቀበለውን ሰው ፊርማ ማስፈረም፤ መዋጮ ካለ የሒሳብ ክፍሉን ለብቻው በጽሑፍ ማሳወቅ። ይህን ሳያደርግ ሌላ ፓርቲ ከገባ በሁለት ፓርቲ አባልነት ተይዞ አዲሱንም ቤት ያስቸግራል። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም፤ ረጅም ደብዳቤ ረጅም ግምገማ ይጠራል።

ውስጥ ሆኖ ማስተካከልም ይሞከራል። የ2009ኙ ጥልቅ ተሐድሶ ኢሕአዴግ ራሱ ችግሩን ያመነበት ነበር፤ ከዓመት ብዙም ሳይቆይ በ2010 የካቲት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ፣ በ2012 ደግሞ ግንባሩ ራሱ ቀረ። ከታች የነበረው አባል በሂስና ግለሂስ መድረክ የተናገረው ወደ ላይ ስንት እርከን ወጣ ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው፤ ብዙው ስለ ቧንቧውና ስለ ካርታው ነበር። አዲስ ፓርቲ ማቋቋም ለሰፈር ቅሬታ አይሆንም፤ ሕጉ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልላዊ 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 አመኔታ ያጣን ተመራጭ ከቦታው የማንሣት መብት ለሕዝቡ ይሰጣል፤ በዳርቻው ግን ተወካዩን በስም የሚያውቀው ሰው ስንት ነው?

የመጨረሻው ነገር በምርጫው ማታ ነው። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይካሄዳል፣ ውጤቱም በሩ ላይ ይለጠፋል። ብዙው ሰው ማን አሸነፈ የሚለውን አይቶ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ፤ የተመዘገበው፣ ድምፅ የሰጠው፣ ዋጋ ያጣው። የዛሬ አምስት ዓመቱን ወረቀት ፎቶ ይዞ ያቆየ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ በስብሰባው መቆጣጠሪያ ላይ ፈርመው በኋላ በር የወጡት ስንት እንደነበሩ ከዚያ ያነበዋል።